የፋሲካ ገበያ ውስጥ የገባ ቀስ ያለ አልበም፦ የአንዲት በራሷ የምትሠራ ድምፃዊት የጉዳይ ጥናት

ለምን ይጻፋል

በ2016 ዓ.ም. የፋሲካ ዋዜማ አንዲት ወጣት ድምፃዊት ዘጠኝ ዘፈን የያዘ የመጀመሪያ አልበሟን አወጣች። ዜማው ሁሉ የራሷ ነው፤ ግጥሙም ከሁለት ዘፈኖች በስተቀር የራሷ። ከጀርባዋ ሙዚቃ ቤት አልነበረም። ወጪውን የቻለችው ከማስተማር ሥራዋ በምታገኘው ደመወዝና በደረሳት ዕቁብ ነው። አልበሙ በወጣ ሰሞን ሰሚ አጣ። ዓመት ሳይሞላው ግን፣ አንድም ዘፈን እንደገና ሳይቀረጽ፣ መሀል አዲስ አበባ ባሉ ትንንሽ ቤቶች ታዳሚው ግጥሙን አብሯት የሚዘፍነው ሥራ ሆነ።

በመካከል የተደረገው ነገር መመዝገብ አለበት ብዬ አምናለሁ። በዚህ ከተማ ብዙ ጥሩ ሥራዎች በወጡበት ሰሞን ተቀብረው ይቀራሉ፤ ሠሪዎቻቸውም ጥፋቱ የድምፃቸው እየመሰላቸው ሙያውን ይተዋሉ። እኔ ወደ ጉዳዩ የገባሁት ቀረጻው ካለቀና የመውጫው ቀን ከተቆረጠ በኋላ ውሎቹን እንዳይ ተጠርቼ ነው። ከዚያ ወዲህ አብሬያቸው ቆይቻለሁ። የምጽፈው በእሷና በባልደረቦቿ ፈቃድ ነው፤ ስም አልጠራም።

መነሻው

ክራር የተማረችው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው፤ ጊታሩን በራሷ ነው የለመደችው። አዳራሽ የሚሞላ ድምፅ የላትም። ቃል የማትውጥ፣ ጆሮ ሥር ሆና የምታወራ የምትመስል ድምፃዊት ናት። ዘፈኖቿ ረጃጅም መግቢያ አላቸው፤ ችክችካ ያለበት አንዱ ብቻ ነው፤ ድራም ማሽን የሚባል ነገር የለም።

በመጀመሪያ ሥራውን ይዛ ወደ ሙዚቃ ቤቶች ሄዳ ነበር። አንድ አንጋፋ ባለሙያ እስከ መጨረሻው ከሰሙላት በኋላ፣ «ልጄ፣ ግጥምሽ ወርቅ ነው። ግን ይሄ ሰርግ ላይ አይከፈትም» አሏት። ክፋት አልነበረበትም። ካሴት ከጠፋ፣ ሲዲም ከከሰመ ወዲህ የአልበም ገንዘብ የሚመለሰው ከመድረክ ነው፤ ከሰርግ፣ ከክለብ፣ ከኮንሰርት። ሙዚቃ ቤትም የሚመዝነው ሰው ተነሥቶ ይጨፍርበታል ወይ በሚለው ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ ግጥምና ዜማውን ሸጣ ሌላ ድምፃዊ እንዲዘፍነው ጠየቋት። እምቢ አለች፤ ልክ ነበረች ብዬ አስባለሁ። እነዚያ ግጥሞች ከእሷ አፍ ካልወጡ ግማሽ ትርጉማቸው ይቀራል።

በራስ ማውጣት ለአዲስ አበባ አዲስ ነገር አይደለም። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተም ሥልጣኑ በሀገር ፍቅር ቴአትር እጅ ነበር። እሱ ግን በራሱ ገንዘብ ጀምሮ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አሳተመ። ይህ ታሪክ ሲነገር የሚዘለል አንድ ነገር አለ፦ አምሃ የራሱ ሙዚቃ መሸጫ ነበረው። ሸክላው ከመሸጡ በፊት የሚሰማበት በር ነበረው ማለት ነው። የእኛዋ ድምፃዊት እንዲህ ያለ በር አልነበራትም። ችግሩ በሙሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ግን ያየው ሰው አልነበረም።

ቀረጻው

የተቀረጸው አራት ኪሎ አካባቢ፣ አንድ አፓርታማ ውስጥ በተሠራ ትንሽ ስቱዲዮ ነው። ግድግዳው በፍራሽና በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ቀን የመኪናው ጥሩምባ፣ ንጋት ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ስለሚገባ ድምፅ የሚቀረጸው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ባትሪ አለ፤ ማይክሮፎኑ ፊት የቆመው ሰው ስሜት ግን በባትሪ አይቆይም።

ትልቁ ክርክር የተነሣው በቅኝት፣ ማለትም ዜማው በሚሠራባቸው ድምፆች አደራደር ላይ ነው፤ ትንሽ ላብራራው። ኪቦርድ አንዱን ስምንዮሽ፣ ማለትም ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት፣ ለ12 እኩል ክፍሎች ይከፍላል። ሙሉ ትዝታ የሚባለው ቅኝት፣ ማለትም ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ በኪቦርድ ሲመታ ብዙም አይጎረብጥም። አንቺሆዬን ግን ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ ብለን ብንጽፈውም፣ ከክራርና ከማሲንቆ የለመድነው ድምፅ የሚያርፈው ሁልጊዜ ቁልፉ ላይ ሳይሆን በሁለት ቁልፎች መሀል ነው። አቀናባሪው ክራሩ ለኪቦርዱ እንዲቃኝ ፈለገ፤ እሷ ኪቦርዱ እንዲወጣ ፈለገች።

የደረሱበት መፍትሔ ለሌላም ይጠቅማል። በአንቺሆዬና በሌላው ቅኝት በአምባሰል የተሠሩት ሦስት ዘፈኖች ያለ ኪቦርድ ተቀረጹ። ክራሩ በጆሮ ተቃኘ፤ ማሲንቆው ተከተለው፤ ቤዝ ጊታሩ አብዛኛውን ጊዜ መነሻውን ድምፅ ብቻ ይዞ እንዲቆም ተደረገ። ቤዙ ሌሎቹን ድምፆች በጠቋሚ ብረቶቹ ላይ ሲመታ ከክራሩ ጋር ይጣላ ነበርና። ድምፅ የሚያስተካክለው ሶፍትዌርም ለእነዚህ ሦስት ዘፈኖች ተዘጋ፤ ክፍት ቢሆን ዜማውን ወደ ኪቦርዱ ቁልፍ ይጎትተው ነበር። በቀሪዎቹ ስድስት ዘፈኖች ውስጥ ኪቦርድ አለ። አልበሙ ሲሰማ መሸጋገሪያው ይታወቃል፤ ለእኔ የአልበሙ ውበት እዚያ ላይ ነው። ለአንዳንድ ጆሮ ግን «ክራሩ ከቅኝቱ ወጥቷል» የሚል ወቀሳ አምጥቷል።

ማስተሪንጉ፣ ማለትም የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ፣ ውጭ ሀገር ላለ ባለሙያ ተሰጠ። ባለሙያው ድምፁን በ−14 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው) ገደማ አስቀመጠው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የማዳመጫ መተግበሪያው ስፖቲፋይ ዘፈኖችን የሚያጫውተው ወደዚሁ መጠን አመጣጥኖ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ማስጮህ ትርፍ የለውም። በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ እጅግ ያማረ ሥራ ነው። የክራሩ ጅማት ሲነካ የጣቷ ልስላሴ ሳይቀር ይሰማል።

ወረቀቱ

ከሁለቱ ግጥሞች ባለቤት ጋር የነበረው ስምምነት የቃል ብቻ ነበር። ገጣሚው ከእሷ በዕድሜ የሚበልጥ፣ የሚወዳት ሰው ነው። ግጥሞቹን ፒያሳ ቡና እየጠጡ ሰጣት፤ ገንዘብ አልተነሣም። የአልበሙ ማስታወቂያ ሲለጠፍ የአቀናባሪው፣ የሚክስ (ድምፆቹን የማዋሃድ) ባለሙያው፣ የፎቶግራፍ አንሺው ስም አለ፤ የገጣሚው የለም። ስልክ ደወለላት። «ገንዘብ አልጠየቅኩሽም። ስሜ ግን የታለ?» አላት። «ጋሼ ይቅርታ፣ ፖስተሩን የሠራው ልጅ ረስቶት ነው» ብትለውም ቅር እንደተሰኘ ዘጋው።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግጥም ለጻፈ ሰው ሁለት ዓይነት መብት ይሰጠዋል። አንደኛው የኢኮኖሚ መብት ነው፤ በውል ይተላለፋል፣ ማስተላለፉም በጽሑፍ መሆን አለበት። ሁለተኛው የሞራል መብት ነው፤ በስሙ የመታወቅ መብት እዚህ ውስጥ ይገባል። እኛ ዘንድ ግጥምና ዜማ አንዴ ተከፍሎበት የሚያልቅ ሸቀጥ ተደርጎ የመታየት ልማድ ስላለ ይህ ሁለተኛው መብት ይረሳል። ገጣሚው የተቀየመው በዚያ ነበር።

ለእያንዳንዱ ዘፈን አጭር ውል ጻፍን። ግጥሙ የማን ነው፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን፤ መሣሪያ ተጫዋቾቹ የተከፈላቸው አንዴ ነው ወይስ ድርሻ አላቸው፤ ስም የት የት ይጻፋል። ቃሉ ቀላል አማርኛ እንዲሆን ተጠነቀቅን፤ ፈራሚው ራሱ አንብቦ ካልገባው ነገ የጠብ ምንጭ ነው። ገጣሚው ፖስተሩ ተስተካክሎ ሲያይ ቅሬታውን ተወ፤ በኋላ ከሁሉም በላይ ለአልበሙ የተሯሯጠው እሱ ነው።

አወጣጡ

ፋሲካ የተመረጠው በልማድ ነው። በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ዘፈን ይቀዘቅዛል፤ ብዙ ጭፈራ ቤት ይዘጋል። ስለዚህ ተይዞ የቆየ ሥራ ሁሉ በፋሲካ ዋዜማ አብሮ ይፈነዳል። ትልልቅ ስም ያላቸው ድምፃውያን፣ ክሊፕ ያላቸው፣ በሬዲዮ የሚተዋወቁ። ከእነሱ መሀል ቀስ ያለ፣ መግቢያው የሚረዝም፣ ስሟ የማይታወቅ ልጅ ሥራ ተቀመጠ። ባልደረቦቿ ቀኑን የመረጡት ለእሷ አስበው ነው፤ በዓል ላይ የወጣ አልበም ክብር አለው። ግን የበዓል ሰው ቁጭ ብሎ ግጥም አይሰማም፤ ዶሮ ወጥ ቀርቦ፣ ዘመድ መጥቶ፣ ቤቱ ተሟሙቆ ነው ሙዚቃ የሚከፈተው።

ለምረቃ የታሰበው ፒያሳ ያለ አንድ አሮጌ ቤት ነበር። በዚያው ዓመት ከየካቲት ጀምሮ በፒያሳ በኮሪደር ልማቱ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ እሱም አብሮ ፈረሰ። ሌላ ቦታ ለመፈለግ ጊዜ አልነበረም፤ አልበሙ ያለ ምረቃ በኢንተርኔት ብቻ ወጣ።

እዚያም አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር ብዙ አበላሸ። የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ዓይነት አጻጻፍ የለውም። ቀድማ አውጥታው በነበረው ነጠላ ዜማ ላይ ስሟ በአንድ መንገድ ተጽፏል፤ በአልበሙ ላይ በሌላ። ውጤቱ በማዳመጫ መተግበሪያዎቹ ላይ ሁለት የተለያዩ ድምፃውያን ሆነች። ነጠላ ዜማውን ወድደው የተከተሏት ሰዎች አልበም መውጣቱ አልተነገራቸውም። አከፋፋዩ ድርጅት ሁለቱን ገጾች እስኪያዋህድ ሳምንታት አለፉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ ዋናዎቹ ናቸው።

ቴሌግራም ላይ አልበሙ በወጣበት ቀን በነፃ ተለቀቀ። ከዚህ ማንም አያመልጥም። ለቻናሎቹ ባለቤቶች በትሕትና ጽፈን፣ ፋይሉን ካላነሡ ቢያንስ የግጥሙን ጽሑፍና የባለሙያዎቹን ስም አብረው እንዲለጥፉ ጠየቅን። የተወሰኑት አደረጉት፤ ገጣሚውን ደስ ካሰኙት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

አቀባበሉ

መጀመሪያ የመጣው ዝምታ ነው። ቀጥሎ የመጣው አስተያየት «ያስተኛል»፣ «ሁሉም ዘፈን አንድ ነው»፣ «ድራም የለውም እንዴ?» የሚል ነበር። አንድ የኤፍኤም ዝግጅት ላይ ሥራው «ያላለቀ ይመስላል» ተባለ፤ ማስረጃ ተደርጎ የቀረበውም በአንቺሆዬ የተሠራው ዘፈን ነው። ይህን ስሰማ አዘንኩ፤ የአገራችን ቅኝት በአገራችን ሬዲዮ ላይ እንደ ስሕተት መቆጠሩ ሊያሳስበን ይገባል። ጆሯችን ለዓመታት በኪቦርድ ስለተቃኘ የክራሩ ትክክለኛ ድምፅ ባዕድ ሆኖብናል።

ከውጭ ሀገር ያሉ አድማጮች የሚያበረታታ ነገር ይጽፉ ነበር፤ ገንዘቡ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ስፖቲፋይ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን የቀረጻ ክፍያ አይከፍልም። ከዘጠኙ ዘፈኖች አብዛኞቹ በዚያን ጊዜ ከዚህ መስመር በታች ነበሩ።

ታክሲ ውስጥ

ነገሩን የገለጠው አንድ የሚኒባስ ሾፌር ነው። የአቀናባሪው የሰፈር ልጅ ነው፤ አልበሙን በፍላሽ ሰጥተውት ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ ሲጭን አብረን ተሳፈርን። ዘፈኑ ተከፍቷል ተባለ። አይሰማም። ሾፌሩ ድምፁን ጨመረ፤ የእሷ ድምፅ ትንሽ መጣ፣ ክራሩ ግን የለም። ቀጥሎ የተከፈተው የሌላ ሰው ዘፈን ተሳፋሪውን አስደነገጠው፤ መቀነስ ረስቶት ነበር። «እህቴ፣ ሥራሽ ጥሩ ነው። ግን ሞተሩ ይበልጠዋል» አላት።

አዲስ አበባ ሙዚቃ የሚሰማው ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ መንገድ ዳር ካለ ሱቅ ነው። ሰው መርጦ ሳይሆን እየሄደ ነው አዲስ ዘፈን የሚተዋወቀው። ለጆሮ ማዳመጫ የተሠራ ማስተር እዚያ ይሰምጣል። ፍላሹና የታክሲው ማጫወቻ እንደ ስፖቲፋይ የሁሉንም ዘፈን መጠን አያመጣጥኑም፤ ጮኾ የተሠራው ጮኾ፣ ዝቅ ያለው ዝቅ ብሎ ይወጣል።

የሚክስ ባለሙያው ለአራት ዘፈኖች ሁለተኛ ቅጂ አዘጋጀ። ቀረጻው ያው ነው። የድምፃዊቷ ድምፅ ከፍ አለ፤ ክራሩ ከሞተሩ ጉርምርምታ በላይ እንዲሰማ መካከለኛው ድምፁ ተነሣ፤ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ተቀራረበ፤ መግቢያው አጠረ። እያንዳንዱ ሙከራ ስቱዲዮ ውስጥ ሳይሆን በዚያው ታክሲ ውስጥ ተሰማ። መጀመሪያ እሷን ከፍቷት ነበር፤ «ዘፈኔን አስጮኹብኝ» አለች። አልበሙ ላይ ያለው ዋናው ቅጂ እንደማይነካ ስትረዳ ተቀበለችው። ሁለተኛው ቅጂ ለሾፌሮች፣ ለካፌዎችና ለሬዲዮ ብቻ ሄደ።

የማዳመጫ ምሽቶች

ታክሲው ስሟን አስተዋወቀ፤ አልበሙን ያስወደደው ግን ይሄኛው ነው። አራት ኪሎ አቅራቢያ አንድ መጻሕፍት የሚሸጥበት ካፌ አለ። ባለቤቲቱ ማክሰኞ ማታ ገበያ ስለሌላት ቤቱን በነፃ ሰጠች። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አልበሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጥሩ ስፒከር ይሰማል፤ የግጥሙ ወረቀት ለሁሉም ይታደላል፤ ከዚያ ድምፃዊቷ ክራሯን ይዛ ሁለት ዘፈን ትጫወታለች፤ በመጨረሻ ጥያቄ። መግቢያው ትንሽ ነው፣ በቴሌብር ይከፈላል።

የመጀመሪያው ምሽት ችግር የቡናው ነበር። ቡናው ዘፈኑ መሀል ተወቀጠ። ከዚያ በኋላ ወቀጣው በሁለት ዘፈን መካከል እንዲሆን፣ ስኒውም አልበሙ ሲጋመስ እንዲቀርብ ተደረገ። ሰው የሚጠጣው ነገር በእጁ ሲኖር፣ ዓይኑም በወረቀቱ ላይ ሲሆን ስልኩን ይረሳል። ረጅሙ መግቢያ፣ ታክሲ ውስጥ የገደለው ያው መግቢያ፣ እዚህ ሰው ትንፋሹን የሚሰበስብበት ሆነ።

ግጥሙ በወረቀት መታደሉ ያልጠበቅነውን አመጣ። ከታዳሚው መሀል ቅኔ የሚያውቁ አዛውንቶች ነበሩ። አንድ ስንኝ ላይ ሰምና ወርቁ የቱ ጋ ነው በሚል ረጅም ክርክር ተነሣ፤ እሷ ያላሰበችውን ወርቅ አገኙላት። ወጣቶቹ ደግሞ ስለ ቅኝቱ ጠየቁ። ያኔ ክራሯን አንሥታ አንዱን ዘፈን በኪቦርዱ ቅኝት፣ ቀጥላ በራሱ ቅኝት አሰማቻቸው። «ወጥቷል» የተባለው ክራር ለምን እንደዚያ እንደተቃኘ ማብራሪያ አላስፈለገውም፤ ቤቱ ራሱ ፈረደ።

ምሽቶቹ ወደ ፒያሳና ካዛንቺስ ሄዱ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስም ሲፈርስ እንደገና ቦታ ፍለጋ ተገባ፤ በዚያን ጊዜ ግን የሚጋብዙ ቤቶች ነበሩ። የመጡት ሰዎች ሌላ ሰው ይዘው ይመለሳሉ። የሬዲዮው ዝግጅትም በኋላ ስቱዲዮ ጋብዟት ቅኝቱን በቀጥታ አስረድታለች፤ በቅንነት ነው ያስተናገዷት።

ያልሠራው

ከሁሉም ብዙ ገንዘብ የበላው ክሊፑ ነው፤ ከሁሉም ያነሰ ያመጣውም እሱ ነው። ሥዕሉ ያምራል፤ ዘፈኑ ግን የሚታይ ሳይሆን የሚሰማ ነው። የጥሪ ማሳመሪያውም አልሄደም፤ ስልክ እስኪነሣ ባለው ጥቂት ሰኮንድ ውስጥ የእሷ ዘፈን ገና አልጀመረም።

በሸክላ የማሳተም ሐሳብ ነበር፤ ውጭ ያሉ ሰብሳቢዎች ጠይቀዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሸክላው ዋጋ በዶላር ስለሆነ ሐሳቡ ተተወ። የማስተሪንጉ ክፍያ ከዚያ በፊት ማለቁ ዕድል ነው።

ምሽቶቹም ወሰን አላቸው። አንድ ቤት ደጋግሞ ሲሄዱበት ያው ሰው ነው የሚመጣው። ገቢውም የቀረጻውን ወጪ እስካሁን አልመለሰም፤ ተጫዋቾቹን በየጊዜው ይከፍላል፣ ለእሷ የሚተርፋት ጥቂት ነው። ይህን ሳልጽፍ ብቀር ለሚከተላት ሰው ውሸት ይሆንበታል።

ለሌላ ሠሪ

የመውጫ ቀን ከመቆረጡ በፊት «ይህን ሥራ ሰው የት ሆኖ ነው የሚሰማው?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሱ ሚክሱንም፣ ማስተሩንም፣ ቀኑንም፣ ገንዘቡ የሚወጣበትንም ይለውጣል። ቀስ ያለ ሥራ በዓል አያስፈልገውም፤ ከመስቀል በኋላ ያለው ጸጥ ያለ ጊዜ ወይም ክረምቱ ይሻለዋል። ለክሊፕ የተያዘው ገንዘብ ለጥሩ ስፒከር ኪራይና ለግጥም ማሳተሚያ ቢሆን ኖሮ ምሽቶቹ ከወራት በፊት ይጀመሩ ነበር።

የሙከራ ቅጂውን ስቱዲዮ ውስጥ ብቻ አትስሙ። ታክሲ አለ፣ ካፌ አለ፣ የርካሽ ስልክ ስፒከር አለ። ሁለተኛ ቅጂ መሥራት ዋናውን መካድ አይደለም።

በባህላዊ ቅኝት የምትሠሩ፣ ኪቦርዱን አስወጡ ወይም አስገቡ፣ ግን ውሳኔው ከቀረጻ በፊት ይሁን። ክራሩ ከተቀረጸ በኋላ በሶፍትዌር መጎተት ሁለቱንም ያበላሻል። ለአድማጩም ልዩነቱን በድምፅ አሳዩት።

ውሉ ግጥሙ በተሰጠበት ሳምንት ይጻፍ፤ ፍቅር ባለበት ጊዜ መፈረም ይቀላል። በላቲን ፊደል የሚጻፈው ስምም ከመጀመሪያው ነጠላ ዜማ ጀምሮ አንድ ይሁን፤ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለአቀናባሪው፣ ለፖስተር ሠሪውና ለአከፋፋዩ ያንኑ ስጡ። ለሁለተኛው አልበሟ ይህ ወረቀት ከወዲሁ ተዘጋጅቷል፤ የግጥሞቹ ውሎችም ተፈርመዋል፤ ካፌዋ ማክሰኞዎቹን ይዛላታለች።